በአጋዘኑ ሆድ የተሰፋው ደብዳቤ

ሣህሊቱ ረጅሙን ፌሮ ከአጋዘኑ ሆድ ስባ አወጣችና ጫፉን ጉንጯ ላይ አስነካችው። ቀዝቃዛ ነው።

ገለባው አልሞቀም ማለት ነው። እርጥበት ይዞ የታጨቀ ገለባ ከውስጥ ይግላል፤ ይሻግታል፤ ሲብስበትም ይጨሳል። ሃያ ዓመት የገለባ ፍራሽ ስትሰፋ ለኖረች ሴት ይህን ለማወቅ አንድ ብረትና አንድ ጉንጭ ይበቃታል። በሌላ ቀን ቢሆን «ተመስገን» ብላ ፌሮውን ወዲያ ታደርገው ነበር። ዛሬ ግን የብረቱ ቅዝቃዜ እስከ ልቧ ዘለቀ። ሞቆ ቢሆን ኖሮ ሆዱን ቀዳ ለመክፈት ምክንያት ታገኝ ነበር። ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቃትም ነበር።

ቀና ብላ አየችው። አጋዘኑ ከጭሮ መውጫ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ፎቅ ቤት አክሎ ቆሟል። አጥንቱ ባሕር ዛፍ፣ ሥጋው የስንዴ ገለባ፣ ጠምዛዛ ቀንዶቹ የማሽላ አገዳ ናቸው። በኩኒ ተራሮች ላይ ጥቂት ብቻ የቀሩትን የደጋ አጋዘኖች ሰው እንዳይረሳቸው ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚህ እስከ ቦርደዴ ባለው መንገድ እንዲህ ያሉ አምስት ግዙፍ እንስሳት ቆመዋል፤ ሁሉም ከምድራችን ሊጠፉ የተቃረቡ፣ ሁሉም የየከተማው ሰው ተሰባስቦ በእጁ የሠራቸው ናቸው። የእንስሳቱ መንገድ የሚመረቀው ዛሬ እሑድ አራት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው።

በዚህ አጋዘን ሆድ ውስጥ ደግሞ አንድ ደብዳቤ አለ።

ይህን ያወቀችው ገና አሁን፣ ከባየች አፍ ነው። ባየች አብራት ፍራሽ የምትሰፋ ጎረቤቷ ናት። ገለባው የሚጠቀጠቅበትን ክፍት ቦታ «አፍ» ይሉታል፤ ዓርብ ዕለት የአጋዘኑን የመጨረሻ አፍ የዘጋችው ባየች ነበረች። ሣህሊቱ ዛሬ ጠዋት ስፌቱን በእጇ እየዳበሰች፣ እንዲያው ለወሬ ያህል፣ «ስትዘጊው ደህና ነበር?» አለቻት።

«ደህና ነበር። ያገኘሁትንም መልሼ ከትቼ ሰፋሁት።»

«ምን አገኘሽ?»

ባየች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ኧረ እኔ የለሁበትም! አይነገርም አላልሽም?»

«ባየች!»

«አንቺው አይደለሽ ያስማልሽኝ? ‹በሰው ፍራሽ ውስጥ ያገኘሽውን አታውጪ፣ አታንሺ፣ አታውሪ፣ እንደነበረ መልሰሽ ስፊ› ብለሽ? የሐጂን ሚስት ወርቅ ሳገኝ ለማን ተነፈስኩ? የዚያን የሒሳብ አስተማሪ ክታብስ?»

«አሁን ለእኔ ተነፈስሽ እኮ!»

«ውይ!» አለች ባየች። ግንባሯን መታች።

«ይሄ ደግሞ የሰው ፍራሽ አይደለም፤ አጋዘን ነው!»

«እኔ ምን ላድርግ? ገለባ ያው ገለባ ነው። ሕጉን ጠበቅኩ።»

ሣህሊቱ ክንዷን ይዛ ወዘወዘቻት። ባየች ግራ ቀኙን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ወረቀት ነው። ታጥፎ በላስቲክ የተጠቀለለ። ጽሑፍ አለበት፤ እኔ እንደሁ ፊደል አልቆጠርኩ። እዚያው አፉ ጋ፣ እጅ ሲገባ መጀመሪያ በሚነካው ቦታ ነበር። ወደ ውስጥ ገፋሁትና ሰፋሁ።»

«ምን ዓይነት ላስቲክ?»

«ወፍራም ነው፤ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ያ መንግሥት ሠራተኛሽ ካርታውን የሚጠቀልልበት ዓይነት።»

ሣህሊቱ የአጋዘኑን እግር ተደግፋ ቆመች።

ባየች «መንግሥት ሠራተኛሽ» ያለችው ኃይለየሱስን ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የዱር እንስሳት ባለሙያ ነው፤ ባለ ዲግሪ፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ እስከ ዛሬ ያላገባ። የዛሬ ስምንት ወር ለሙከራ ብሎ ከቢሮው ጓሮ አንድ የገለባ አቦሸማኔ ሠርቶ ነበር። በሳምንቱ አቦሸማኔው መሽተት ጀመረ፤ በዐሥረኛው ቀን ከጀርባው ጭስ ወጣ። ከተማው ሁሉ ሳቀበት። በመጨረሻ ስለ ገለባ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልግ ፍራሽ ወደምትሰፋው መበለት ቤት ላኩት።

ሣህሊቱ አልሳቀችበትም። ፌሮዋን አቦሸማኔው ሆድ ውስጥ ሰካች፤ ትንሽ ጠብቃ አወጣችው፤ «ይንኩት» አለችው። እሱ በእጁ ሊይዘው ሲል፣ «በእጅ አይደለም፤ እጅ ይዋሻል» ብላ የብረቱን ጫፍ ጉንጩ ላይ አስነካችው። ሁለቱም ደነገጡ። ባሏ መኮንን ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ በእነዚያ ሰባት ዓመታት የወንድ ፊት እንዲህ ቀርባ አይታ አታውቅም። ኃይለየሱስ «እውነትዎን ነው፤ ይሞቃል» አለ። ዓይኑ ግን ብረቱ ላይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እሱ ይሥላል፣ እሷ ትሰፋለች። አጋዘኑ ተበጣጥሶ ስለሚሠራ በየቁራጩ ላይ በከሰል ይጽፍበት ነበር፤ «ግራ ጆሮ»፣ «ቀኝ ትከሻ»፣ «አንገት»። በዚያው ሰሞን ሣህሊቱ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ የጎልማሶች ትምህርት ጀምራ ነበር። እነዚያን ቃላት ማንም ሳያያት በጣቷ እየተከተለች ታነብብ ነበር። አንድ ቀን «ግ… ራ… ጆ… ሮ» ስትል ቀና ብትል ከኋላዋ ቆሟል። አልሳቀም። አላረማትም። በማግስቱ ግን ፊደሎቹ ከወትሮው ተልቀው፣ ተራርቀው ተጽፈው አገኘቻቸው። ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ምክንያቱን ሳታውቀው አለቀሰች።

ሣህሊቱ የፈራችው ብዙ ነገር ነው። ሰው ምን ይለኛል? እሱ የተማረ፣ እኔ የሰው ፍራሽ የምጠቀጥቅ። እናቱ ለልጇ የተማረች ሚስት እየፈለገችለት ነው ይባላል። ከሁሉም በላይ የፈራችው ግን አንድ ልጇን ሰርካን ነው። ሰርካ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ፈተናዋ ደርሷል። የባንክ ወረቀትም ይሁን የስልክ መልእክት፣ ለእናቷ የምታነብላት እሷ ናት። አባቷን የምትወድ ልጅ ናት። «አባዬን ረሳሽው?» ካለችኝ ምን እመልሳለሁ? ሣህሊቱ ይህን እያሰበች ስንት ሌሊት ስትገላበጥ አድራለች።

በምርቃቱ ዕለት የየእንስሳውን ሰሌዳ ከሠሩት ሰዎች አንዱ ለእንግዶች ጮክ ብሎ እንዲያነብ ተወስኖ ነበር። ኃይለየሱስ ለአጋዘኑ የሣህሊቱን ስም ጻፈ። ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን ይዛ ተለማመደች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩ ሲለጠፍ ስሟ ተሰርዞ በምትኩ የአንድ አስተማሪ ስም ገብቷል፤ ማቲዎስ። የሰረዘው ቀለም የኃይለየሱስ እስክሪብቶ ነው።

ያን ጊዜ ማንንም አልጠየቀችም። አፈረብኝ፣ ብላ ደመደመች። በትልልቅ ሰዎች ፊት «ግ… ራ… ጆ… ሮ» ስል መታየቱ አሳፈረው። መርፌዋን ለባየች ሰጠቻትና «የመጨረሻውን አፍ አንቺ ዝጊው» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በሃያ ዓመት ውስጥ የመጨረሻውን አፍ ለሰው አስዘግታ አታውቅም። ይህን ልማዷን ደግሞ ለኃይለየሱስ ራሷ ነግራዋለች፤ «የመጨረሻውን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምዘጋው» ብላ። ለዚህ ነው ደብዳቤውን እዚያ ያስቀመጠው። የእሷ እጅ እንዲያገኘው።

ቅዳሜ ዕለት ሦስት ጊዜ በደጇ አለፈ። በሦስተኛው ቆመ። አፉን ከፈተ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ገና በማለዳ፣ በመጨረሻው እንስሳ ምርቃት ላይ እገኛለሁ ብሎ ወደ ቦርደዴ ሄዷል። ለጭሮው ምርቃት እንኳ አልቆየም። ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር እንደመጣለት፣ ከቦርደዴም በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሻገር የነገሯት የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ በክሪ ናቸው። ስትሰማ «መልካም መንገድ ይሁንለት» ብላ ነበር።

አሁን አስፋልቱ ዳር ሕዝቡ ተሰብስቧል። ጋሽ በክሪ ድምፅ ማጉያውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሰርካም በትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ከጓደኞቿ ጋር መጥታለች። ሣህሊቱ ከኪሷ ምላጭ አወጣች። እጇ አጋዘኑ ሆድ ላይ አረፈ።

«አቦ! አዴ ሣህሊቱ! ማል? ምን ልታደርጊ ነው?» ጋሽ በክሪ እየሮጡ መጡ። «እንግዶቹ ከአዳራሹ ወጡ እኮ!»

«ልከፍተው ነው፣ ጋሽ በክሪ።»

«ወላሂ አበደች! ለምን? ሞቀ እንዴ? ዝናቡ ገባበት?»

ይኸው ሰበቡ። ጋሽ በክሪ ራሳቸው አፏ ውስጥ አስቀመጡላት። «አዎ፣ ሞቋል» ብትል ያልቃል፤ በዚህች ከተማ ስለ ገለባ ከእሷ ጋር የሚከራከር የለም። ሰዎቹ እየሮጡ ያግዟታል፤ ደብዳቤውን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ቤቷ ትገባለች። ሣህሊቱ ፌሮውን አየችው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ብረት ዋሽታ አታውቅም። ሰዎች እሳት ሳይፈሩ ልጆቻቸውን በእሷ ፍራሽ ላይ የሚያስተኙት በዚህ ብረት ምክንያት ነው።

«አልሞቀም» አለች። «ገለባው ደህና ነው።»

«ታዲያ?»

ዓይኗ ሕዝቡ መሀል ሰርካን ፈልጎ አገኘ። ልጅቷ ፍጥጥ ብላ ታያታለች። ሣህሊቱ የልብሷን ጫፍ በእጇ ጨመደደች።

«ውስጡ ደብዳቤ አለ። ለእኔ የተጻፈ። ኃይለየሱስ የጻፈልኝ።»

አንድ አህያ የሚነዳ ሰውዬ እንኳ ቆመ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «አጋዘኑ ሊወልድ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ተቀብሎ «ባለ ቀንዱ ወንዱ?» አለ፤ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ። የሣህሊቱ ፊት ነደደ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ሰርካ ሰዉን እየገፋች መጣችና ፊቷ ቆመች።

«እማ፣ ለእኔ ሳትነግሪኝ ለአገሩ ሁሉ ነገርሽ?»

«ልጄ…»

«ስምንት ወር እኮ ነው! ስምንት ወር ሙሉ ፌሮሽን ስትወለውዪ አይሻለሁ። ለፌሮ ነው ቅባት ፀጉርሽን የተቀባሽው? ዕውር ነኝ እኔ?»

«ፈራሁሽ» አለች ሣህሊቱ። «ከሰው ሁሉ አንቺን ፈራሁ። አባትሽን የረሳሁት እንዳይመስልሽ…»

ሰርካ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። የተናደደች ትመስላለች፤ ምናልባትም ተናዳለች። ግን እጇን ዘረጋች። «ምላጩን አምጪው። እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ደብዳቤውን ትቆርጪዋለሽ።»

ስፌቱን ልጅቷ ፈታችው። ሣህሊቱ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ገለባው ይቧጥጣታል። ባየች «ወደ ግራ! ወደ ግራ! ትንሽ ዝቅ!» ትላለች። ጣቷ ለስላሳ ነገር ነካ። ሳበችው።

ላስቲኩ ላይ ገለባ ተጣብቋል። ውስጡ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ተራርቆ፣ ስሟ ተጽፏል። ሰርካ እንደ ልማዷ እጇን ሰነዘረች፤ «አምጪ ላንብብልሽ።»

«አይሆንም» አለች እናቷ። «ይሄን እኔ ነኝ የማነበው።»

አጋዘኑ ሥር ገለባ ላይ ተቀመጠች። ሕዝቡ፣ እንግዶቹ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ሄደ። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አሳረፈች።

«ሣህሊቱ። ሰርካ እንዳታነብልሽ ብዬ ፊደሉን ትልቅ አድርጌ ጻፍኩት። ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ስምሽን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት ወረቀቱ በእጅሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የፈራሽ መሰለኝ። ላሳርፍሽ ብዬ ነው። ሳልጠይቅሽ ማድረጌ ጥፋት ነው። ዛሬ ፊትሽን ሳይ ገባኝ። ይቅር በይኝ።

ወደ አገሬ ዝውውር ደርሶኛል። እናቴ ደስ ብሏታል። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እዚህ የሚያስቀረኝ አንድ ሰው ነው። እሱም አንቺ ነሽ።

እንድቀር ከፈለግሽ አንድ ቃል ጻፊልኝ። እስከ ቅዳሜ ማታ እጠብቃለሁ። ዝም ካልሽ ዝምታሽን እንደ መልስ እቀበላለሁ። ደግሜ አላስቸግርሽም። ኃይለየሱስ።»

አንብባ ስትጨርስ ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላወቀችም። ማንም አላቋረጣት። እስካሁን ሁልጊዜ «እርስዎ» ይላት የነበረ ሰው፣ በወረቀት ላይ «አንቺ» ብሏታል። እሷ ደግሞ ቅዳሜ፣ ሦስት ጊዜ መልሱን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ግድግዳ ስታይ ዋለች። «ባየች» አለች በቀስታ፣ «ምነው ያን ሕግ ባላስተማርኩሽ!»

ባየች እያለቀሰች «እኔማ ምን አጠፋሁ!» አለች።

ሰርካ ወደ ኃይለየሱስ እየደወለች ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። «ተዘግቷል። እንደገና ልሞክር… ተዘግቷል፣ እማ።»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት ከሩብ።»

ጋሽ በክሪ ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ነጋዴ ናቸው፤ ለቀልድ ጊዜ የላቸውም። አሁን ግን ዓይናቸው ረጥቧል። «ፋሩቅ!» ብለው ተጣሩ። «ያ ፋሩቅ! ጫትህን ጭነሃል? በል ይችን ሴትዮ ቦርደዴ አድርስ። ከጫት መኪና የሚቀድም አውቶቡስ አለ? የለም!»

«ሆዱስ?» አለች ሣህሊቱ፣ የተቀደደውን አጋዘን እያየች። ገለባው ወደ ውጭ ተዘርግፏል። እንግዶቹ ከማዶ እየመጡ ነው።

ሰርካ መርፌውን ከባየች እጅ ተቀበለች። ያቺ በጓደኞቿ ፊት የእናቷን መርፌ መንካት የምታፍር ልጅ። «እኔ እዘጋዋለሁ» አለች። ቀና ብላ ግን አላየቻትም። «ማታ ስትመጪ ግን ሁሉንም ትነግሪኛለሽ። አንድም ሳትደብቂ።»

ሣህሊቱ መኪናው ውስጥ ገብታ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ወደ ኋላ አየች። ልጇ በትልቁ እንስሳ ሆድ ሥር ቆማ ክሩን ትስባለች።

ፋሩቅ ቁልቁለቱን እንደ ንፋስ ወረደው። «አዴ፣ አትፍሪ። ጫት ስጭን እንዴት እንደምሮጥ አታውቂም? ከጠወለገ ማን ይገዛኛል? ዛሬ ደግሞ ሁለት የሚጠወልግ ነገር ነው የጫንኩት።»

«ምን ጫንክ ሌላ?»

«አንቺን!»

ሣህሊቱ አልሳቀችም። ዓይኗ ከመንገዱ አልተነቀለም። ከኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን አውቶቡስ በመስታወቱ ትቆጥራለች። አንዱ ሲቀድማቸው «ይሄ ይሆን? ይሄ ከሆነ ቀደመን ማለት ነው፤ ፋሩቅ ቀድመው!» ትላለች። «አዴ፣ ይሄ እኮ የወታደር መኪና ነው» ይላታል። ደጋው አለቀ፤ ሙቀቱ ፊቷን መታት። ሚኤሶ ኬላው ላይ ቆሙ። ፈታሾቹ ጫቱን ይገለብጣሉ። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት ደቂቃ።

ያን ጊዜ የጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። እርሳሷን በምላሷ አረጠበች። የምትጽፈውን አስቀድማ በልቧ ታውቀዋለች፤ ምናልባት ከሐሙስ ጀምሮ ታውቀዋለች። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ስፌት ጠብቆ እንዲያዝ ተጭና ጻፈችው። ስትጨርስ ግንባሯ በላብ ርሷል። ገጹን ገነጠለችና አጠፈችው።

አሰቦትን አለፉ። ከአምስቱ እንስሳት አንዱ የሆነውን፣ እዚያ የቆመውን የገለባ አቦሸማኔ ሳታየው ቀረች። ቦርደዴ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል።

ረጅሙ የሜዳ አህያ ከከተማዋ መግቢያ ቆሟል፤ ጥቁርና ነጭ መስመሩ ከሩቅ ይታያል። ምርቃቱ አልቆ ሰው ተበትኗል። ኃይለየሱስ መሰላል ላይ ወጥቶ ነፋስ የፈታውን አንድ ጆሮ ያሥራል። ቦርሳው ከእንስሳው እግር ሥር ተቀምጧል። ሲያያት ገመዱ ከእጁ ወደቀ። እየተጣደፈ ወረደ።

«ወይዘሮ ሣህሊቱ! ምነው? ሰርካ ደህና ናት?»

ገለባ የተጣበቀበትን ላስቲክ አውጥታ አሳየችው።

«ዛሬ ነው ያገኘሁት» አለች። «ዓርብ አፉን እኔ አልዘጋሁትም። ተቀይሜህ ነበር። ባየች ናት የዘጋችው። አግኝታ መልሳ ሰፋችው፤ ሕጋችን ስለሆነ። ቅዳሜ ፊቴን ያዞርኩብህ… አላነበብኩትም ነበር። አላወቅኩም ነበር።»

ኃይለየሱስ የገለባ እስር ላይ ተቀመጠ። «ዝም ስትዪ…» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ዝምታሽን ስሰማ አደርኩ።»

ከመንገዱ በኩል የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! የቀረ!» ይላል። ሣህሊቱ የታጠፈውን ገጽ አወጣች። ኃይለየሱስ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው።»

«አልሰጥህም። ዓርብ የነጠቅከኝን ዛሬም ልትነጥቀኝ? እኔው ነኝ የማነበው።»

እጁን መለሰ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እንደ ተማሪ ዝም ብሎ ቀና ብሎ አያት።

ወረቀቱን ዘረጋችው። ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልታስቆመው በሁለት እጇ ያዘችው፤ አልቆመም። ተወችው። ፊደሉን የሚከተልላት ጣት የለም፤ ድምጿ ብቻ ነው።

«ኃይለየሱስ። ሐሙስ ዕለት… ወረቀቱ የተንቀጠቀጠው… ፊደል ፈርቼ አይደለም። አንተ ከኋላዬ ቆመህ… ስለነበር ነው። ሰርካ ታውቃለች። አትሂድ።»

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ረዳቱ «ጋሼ! ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም?» አለ። ኃይለየሱስ ዘወር ብሎ አላየም። የሚያየው የሚንቀጠቀጠውን ወረቀት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ያህል፣ ገና አሁን ማንበብ የተማረ ያህል።

«እንደገና አንብቢልኝ» አላት።

ሣህሊቱ ከመጀመሪያው ጀመረች። አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ሰማችው፤ የማታውም ጭንቀት፣ የልጇም ጥያቄ፣ የእናቱም ነገር ከፊቷ እንዳለ ታውቃለች። ወረቀቱ አሁንም በእጇ ውስጥ እንደ ቅጠል ይርገበገባል። ግን ይርገበገብ አለች በልቧ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መንቀጥቀጧ አላሳፈራትም።